ከፍ ብሏል

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ያቺ በርጩማ አንድ እግሯ አጥሯል፣ ግድግዳውን ተደገፉ። የምነግራችሁ በእኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ ደረሰብኝ ከምል አደረስኩት ብል ይሻላል። ጥሩ ሴት ሆኜ የምወጣበት ታሪክ አይደለም። ግን ከሌላ አፍ ተጣሞ ከሚደርሳችሁ ከእኔው ስሙት።

አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቁታላችሁ። ትንንሽ ሳላችሁ "አዴ ዋጋዬ፣ ማን አረደሽ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እንቅርት ነበረኝ። ከሁሩታ በላይ፣ እኔ ባደግሁበት ደጋ፣ እንቅርት ብርቅ አልነበረም፤ እናቴም ነበራት፣ አክስቴም ነበራት። የእኔ ግን እያደገ ሄዶ ትንፋሼን ሲጫነኝ ልጄ ቦና ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ ቆርጠው አወጡት። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ እንዲህ አለኝ፦

"እማማ፣ ያወጣንልዎት እጢ ለሰውነትዎ ሙቀትና ጉልበት የሚሰጥ ነገር ይሠራ ነበር። አሁን የለም። ይቺ ትንሽ ክኒን በእሱ ፋንታ ትገባለች። በየቀኑ፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፤ ዕድሜ ልክዎን።"

ሁለት ዓመት በውሃ ዋጥኳት። በየጊዜው ደሜን መርምረው ወረቀት ይሰጡኛል። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፣ አላነበውም፤ ቁጥሩን ግን አነባለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቁጥር የቆጠርኩ ሴት ነኝ። ሁለት ነጥብ ስድስት ይላል። አጠገቡ ልኩ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ተጽፏል፤ እስከ አራት ድረስ ደህና ነው። ደህና ነበርኩ ማለት ነው።

ደህና ያልነበረው ሐሳቤ ነው። ሰው አንዴ ከቢላ ሥር ከተነሳ በኋላ ገላውን አያምነውም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል፤ አብጦ እንደሆነ እዳብሳለሁ። ከዚያ ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ አድርጌ በቦና ሰዓት ልቤን እቆጥራለሁ። ሰባ ሁለት ከሆነ "ትናንት ሰባ ነበር" ብዬ እደነግጣለሁ። ሰባ ከሆነ ደግሞ "ለምን ቀነሰ?" እላለሁ። ቦና፣ "እማዬ፣ ልብሽ የሚሮጠው አንቺ ስለምታባርሪው ነው" ይለኝ ነበር። የምርመራ ወረቀቶቼን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ እይዛቸዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ስሄድ እንኳ አልለያቸውም። ጎረቤቴ ቦጋለች፣ "የቤት ካርታ ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እንዲህ ባለች ሴት ላይ ነው ዛኪር የቀለደው።

ዛኪር ከባጃጅ ማቆሚያው ማዶ መድኃኒት ቤት አለው። አባቱ ከሌላ አገር የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ልጁ እዚሁ አሰላ ተወልዶ ኦሮምኛውን ከእኛ እኩል የሚያወርድ፣ እጁም ምላሱም ፈጣን የሆነ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ክኒኔን ልወስድ ሄድኩ። አረንጓዴ የነበረው ካርቶን ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አልኩት።

"የእርስዎ ነው እማማ። ፋብሪካው ነው የተለየው፤ ውስጡ አንድ ነው።"

"ክኒኑስ ለምን አነሰ?"

"ጾም ይዞ ነው።"

ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። አይጎዳኝም?"

"ኧረ አይመርዝዎትም! እርስዎን ከመረዝኩማ ማን ሊጨቀጭቀኝ ነው?"

ያኔ ሱቁ ሙሉ ሳቀ። አንዷማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ካርቶኑን ተቀብዬ ወጣሁ። እሱ ረሳው። እኔ ግን ከቀልዱ ሁሉ አንዲት ቃል ይዤ ሄድኩ፤ መርዝ።

በዚያው ሰሞን ላሜ ዳለቻ ወለደች። ክረምቱ ሳሩን አጥግቧት ወተቱ ከዕቃ ይተርፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ክኒኔን በአንድ ኩባያ ትኩስ ወተት ማውረድ ጀመርኩ። እናታችን መራራ ነገር ሁሉ በወተት ነበር የምታወርድልን። በባዶ ሆድ የተባልኩትን አልረሳሁም፤ ግን እህል ካልቀመስኩ ሆዴ ባዶ ነው። ወተት ለእኛ መንገድ ማለስለሻ ነው፤ ወተት ጠጥቶ "በላሁ" የሚል ሰው አላውቅም።

መስከረም ሲጠባ ገላዬ ከዳኝ። ሰው በሹራብ ሲሄድ እኔ ሹራብ ላይ ጋቢ፣ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ እደርባለሁ። ድምፄ ጎረነነ። ፀጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል። ጠዋት ፊቴ ያብጣል። ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ እጨምራለሁ። እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ይወስደኝና ቦጋለች በክርኗ ትጎስመኛለች። ደሜን ተመረመርኩ። አሥራ አራት።

ወረቀቱን ለቦና ሰጠሁት።

"ከፍ ብሏል ነው የሚለው" አለኝ።

"ምኑ?"

"እኔ እንጃ እማዬ፤ ሦስት ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው። ሐኪሙን ጠይቂ።"

አልጠየቅሁም። ፈራሁ፤ የባሰ ነገር ቢነግረኝስ ብዬ። በገዛ ራሴ አሰብኩት። ደሜ ውስጥ ከፍ ያለ ነገር አለ። ወደ ደሜ የሚገባ አዲስ ነገር ምንድን ነው? ያ ሰማያዊ ካርቶን። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኗን ለሁለት እየሰበርኩ ግማሿን ብቻ ዋጥኩ። ወተቱን ደግሞ ሁለት ኩባያ አደረግሁት፤ መርዝ በወተት ይረክሳል ሲባል ነው ያደግሁት።

በታኅሣሥ ተመረመርኩ። ሠላሳ አንድ!

ልጆቼ፣ ቂም ያሞቃል። ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሦስት ወር ሙሉ በእሳትም በብርድ ልብስም ያልሞቀ ገላዬ ዛኪርን ሳስብ ይሞቀኝ ነበር። ያንን ሳቅ እየደጋገምኩ እሰማዋለሁ። ሱቁ ሲዘጋ አስባለሁ። ሰው እያየው አንገቱን ሲደፋ አስባለሁ። ለጸሎት ቆሜ እንኳ ያው ሐሳብ ነው የሚመጣልኝ፤ አላባርረውም፣ ቦታ እለቅለታለሁ።

ወደ ፈናን ሄድኩ። ፈናን እኩያዬ ናት፤ አንድ ሰሞን ተድረን አንድ ሰሞን የወለድን። የደም ግፊት አለባት፤ እሷም ክኒኗን የምትወስደው ከዛኪር ነው።

"ፈናን፣ ሲንቄዬን አወጣለሁ" አልኳት።

"በማን ላይ? ባልሽ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ!"

"በዛኪር።"

ሲንቄን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። አርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን ዘንግ ናት። አይመታባትም። ሴት ስትበደል ይዛት ትወጣለች፤ ድምፅዋን የሰሙ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ በዳዩ ሳይክስ ሳይታረቅ አይመለሱም። በባል ላይ ትወጣለች፣ በጎረቤት ላይ ትወጣለች። በመድኃኒት ቤት ላይ ወጥታ አታውቅም። በሐሰት ደግሞ በማንም ላይ አትወጣም።

ፈናን ይህን ስለምታውቅ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ማስረጃ አለሽ?"

ፌስታሉን ከደረቴ አወጣሁ። "ሠላሳ አንድ።"

"ምኑ ነው ሠላሳ አንድ?"

"መርዙ።"

"በአላህ?"

"በአላህ፣ በማርያም፣ በፈለግሽው።"

ተነስታ ሲንቄዋን ከግድግዳው አወረደች። ስትወጣ የግፊት ክኒኗን ብልቃጥ ከመስኮቱ ላይ አነሳችና ሽንት ቤት ወረወረችው። "የዚህን ሰው ክኒን አንቺን እያየሁ ልዋጥ?" አለች። እኔም ዝም ብዬ አየኋት። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሰባት ሆነን ወጣን። "የእናቴ ልጅ ሰማሽ?" እያልን፣ እልል እያልን፣ በዋናው መንገድ። ቦጋለች የመንዝ ሰው ናት፣ ሲንቄ የላትም፤ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች።

"ይሄ አይሆንም" አለቻት ፈናን።

"ለምን? የአንቺ ዘንግ ዝናብ ይከለክላል?" አለችና መሐላችን ገባች።

ባጃጆቹ ቆሙ። ዛኪር ከባንኮኒው ኋላ ቀና ሲል ሲንቄዎቹን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ እሱ ግን የዚህ አገር ልጅ ነው፣ ምን እንደመጣበት ገብቶታል። የተከሰሰ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ነው የሚቀርበው። በታኅሣሥ ድርቅ አሰላ መሐል ከየት ያምጣ? ዙሪያውን ቃኘና ደጁ ላይ ካለው የአበባ ጣሳ አንድ ቅጠል ቀጥፎ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

"አዴ፣ ምን በደልኩ?"

"መረዝከኝ!" አልኩ። በዚያ ጎርናና ድምፄ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ።

ሰው ሁሉ እያየው አንገቱን ደፋ። ጣፈጠኝ። ማር ነው የምላችሁ።

ሦስት ቀን ደጁ ላይ ተቀመጥን። ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያየንና ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ዛኪር በፊታቸው ቆሞ፣ "ከዚሁ ካርቶን የሚወስዱ ሌሎች ደንበኞች አሉኝ፤ ደህና ናቸው። እሳቸው ካርቶኑን ይዘው ወደፈለጉት ሐኪም ይሂዱ። እኔ አጥፍቼ ከሆነ ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ለእናንተ አስረክባለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹም "ሄደሽ የተባልሽውን ይዘሽ ነይ፤ በአንቺ ቃል እንፈርዳለን" አሉኝ።

በእኔ ቃል!

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሃዊ የምትባል ጤና መኮንን ተቀበለችኝ፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን አትቸኩልም። ሴቶቹ ግቢው በር ላይ ቀሩ። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው፣ ቀኑን አነበበች፣ ክኒኑን ቆጠረች።

"መድኃኒቱ ደህና ነው አዴ። ይህንኑ የሚወስዱ ሌሎች ታካሚዎች አሉኝ። እርስዎ እንዴት ነው የሚወስዱት?"

"ጠዋት፣ በባዶ ሆድ።"

"በምን?"

"በወተት።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ላሜ ከወለደች።"

"መቼ ወለደች?"

"ሐምሌ" አልኩ። ያ ሰማያዊ ካርቶንም የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር። ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ያወቅሁትን ሳላውቅ በሞትኩ ነበር።

ሃዊ እኔ እንዲገባኝ አድርጋ ነገረችኝ። "ወተቱ ክኒኑን ይይዘዋል፤ በደንብ ወደ ደምዎ እንዲገባ አያደርገውም። ይሄ ቁጥር ደግሞ መርዝ አይደለም፣ የመድኃኒቱም መጠን አይደለም። አንጎልዎ ሥር አንዲት ትንሽ እጢ አለች። አንገትዎ ላይ የነበረውን እጢ 'ሥራ፣ ሥራ' እያለች የምትጣራ እሷ ናት፤ ቁጥሩ የጥሪዋ ድምፅ ነው። መድኃኒቱ ሲበቃዎት ቀስ ብላ ትጣራለች። ሲያንስዎት ትጮኻለች። እናት ልጇ ገደል ማዶ ሲርቅባት ድምጿን ከፍ እንደምታደርገው ማለት ነው።"

"ከፍ ያለው... ስላነሰኝ ነው?"

"አዎ። እርስዎ ደግሞ ግማሽ አደረጉት።"

ሙሉዋን ክኒን፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድሜ እንድውጥ አዘዘችኝ። ወተት አራት ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ። በስድስት ሳምንት ተመልሼ እንድመረመር። እስከዚያ ልቤን መቁጠር እንድተው። ልወጣ ስል፣ "ውጭ ያሉትን ሴቶች እኔ አላናግርም" አለችኝ። "የታካሚ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።"

በሩ ላይ ከበቡኝ። "ምን አለች?" አለችኝ ፈናን።

ይኸውላችሁ፣ እዚች ላይ ነው። አንዲት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። ግን በዓይነ ኅሊናዬ ያ ሱቅ መጣ፤ ያቺ አፏን በነጠላ ይዛ የወጣች ሴት መጣች። እውነቱን ከተናገርኩ ሁለተኛ ሊስቁ ነው። በወተት ዋጠች ብለው ሊስቁ ነው። ዛኪርም ሊስቅ ነው!

"ሠላሳ አንድ ነው" አልኩ። "ከፍ ብሏል።"

ውሸት አለበት? የለበትም። እንዲህ ያለ እውነት ግን ከውሸት ይከፋል። ቦጋለች ጃንጥላዋን መሬት ላይ መትታ "እሰይ!" አለች። ሽማግሌዎቹም ያንኑ ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሱቁን ይዝጋ አላሉም፤ ግን ማንም አይግዛ ተባለ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ሳምንት የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነው። ክኒኗን በውሃ መዋጥ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ ሞቀ። በሦስተኛው የፊቴ እብጠት ጎደለ። ድምፄ ተመለሰ። መዳኔ ምስክር ሆኖ ቆመብኝ። ምን ላድርግ? ደበቅሁት። በጥር ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን፣ ጋቢ ተከናንቤ ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሰው ሲመጣ ድምፄን አጎረንናለሁ።

"አላብሽ እኮ" ትለኛለች ፈናን።

"ትኩሳት ነው።"

"መጀመሪያ ብርድ፣ አሁን ትኩሳት! ይሄ ሰው ምን ነበር የሰጠሽ?" ትልና ዛኪርን ትረግማለች። እኔ አሜን እላለሁ።

በየሁለት ቀኑ በሱቁ ፊት አልፍ ነበር። ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ላየው ብቻ። መደርደሪያው እየሳሳ ሄደ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጋዜጣ ዝንብ ያባርራል። ወሬው ግን ሥራ አልፈታም። ሲሬ ሲደርስ "ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሸጠው" ሆነ። ሁሩታ ላይ "ሴት ገደለ" ተባለ። አርቦዬ ገበያ "ክኒኑን ከዱቄት እየጋገረ ነው" አሉ። የሚነግሩኝ ሰዎች እኔው የጀመርኩት መሆኑን እንኳ አያውቁም። አላረምኳቸውም። ሲነግሩኝ "እንዴ! በእውነት?" እላለሁ።

ስድስተኛው ሳምንት ሲሞላ ተመረመርኩ። ስድስት ነጥብ አንድ። ሃዊ ወረቀቱን ሰጠችኝና፣ "ዝቅ እያለ ነው" አለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ቦና ከገበያ እየሮጠ መጣ። "እማዬ፣ ፈናን ወደቀች።"

ሐኪም ቤት ስንደርስ ግራ እጇ ደረቷ ላይ እንደተተወ ዕቃ ተቀምጧል። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ነርሷ ግፊቷን ለክታ፣ "እናቴ፣ ክኒንዎን አቋርጠዋል እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

ፈናን በዚያ በተጣመመ አፏ፣ "መርዝ ነው" አለች። በደህናው እጇ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሷን... ጠይቂያት። ወረቀት... አላት።"

ነርሷ ዞራ አየችኝ። እኔም ደረቴን ያዝኩ። ፌስታሉ እዚያው ነበር።

ለወራት ያቃጠለኝ ነገር በአንድ ጊዜ ጠፋ ብላችሁ አትመኑ። አልጠፋም። ዛኪር ዛኪር ነው፤ ሳቁም ሳቅ ነው። ግን ለዛኪር ብዬ የወረወርኩት ፈናንን አገኛት። ነርሷ ስትወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ወተቱን፣ ሐምሌን፣ ግማሿን ክኒን፣ በሩ ላይ ያልኩትን። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ሞተች ብዬ ደነገጥኩ።

ከዚያ ቀስ እያለች፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ "አንቺ ሴትዮ" አለች፤ "አንገትሽን... ሲቆርጡ... ሕሊናሽንም... አብረው አወጡት?"

አለቀስኩ።

"አታልቅሺ። አስጠላሽኝ። ሲንቄዋን... በወጣችበት መንገድ... መልሻት። እስክትመልሻት... እዚህ አትምጪ።"

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። እልልታ የለ፣ የእናቴ ልጅ የምላት የለች። ሲንቄዬን በአንድ እጄ፣ ከወንዝ ዳር የለቀምኩትን እርጥብ ሣር በሌላው ይዣለሁ። ዛኪር የቀረውን ዕቃ በካርቶን ሲከት ደረስኩ። አሰላን ሊለቅ ነበር። ሣሩን ሲያይ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆመ።

"መድኃኒትህ ደህና ነበር" አልኩት። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በወተት እየዋጥኩ።"

"አልሰማሁም።"

ደገምኩት። ባጃጆቹ ሞተር አጠፉ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ከጤና ጣቢያ የመጣሁ ቀን።"

"ያ ስድስት ሳምንት አልፎታል" አለ። ድምፁን አላነሳም። "ስድስት ሳምንት በዚህ ደጅ ሲያልፉ አየሁዎት። ላብዎን ሲጠርጉ አየሁዎት።"

"ካሳህን ንገረኝ።"

"ሦስት ቀን እዚህ ተቀምጠው ጮኸውብኛል። ሦስት ቀን እዚሁ ቆመው ይናገሩ፤ ለሚያልፈው ሁሉ። በሁለት ቀን ተኩል አልታረቅም።"

ቆምኩ። ለሚያልፈው ሁሉ ተናገርኩ። የፈራሁት ሳቅ አንድም ሳይቀር መጣ። የባጃጅ ሹፌሮቹ "የወተቷ እናት!" ብለው ስም አወጡልኝ። በሁለተኛው ቀን ቦጋለች መጣችና ሰማችኝ። "ጃንጥላዬን እንኳ አሳፈርሽው" አለችና ፀሐዩ እንዳይመታኝ ዘርግታልኝ ሄደች። ዛኪር ወንበሩን ደጃፉ ላይ አውጥቶ እያንዳንዷን ቃል ያዳምጣል። ሲጣፍጠው ይታወቀኛል። ያን ጣዕም ከፊቱ ላይ ማንበብ የሚችል ከእኔ በላይ ማን አለ?

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ "በቃዎት" አለኝ።

"አልበቃኝም" አልኩት። "አሁን አንተ ስማ። በሐምሌ ፈርቼ ጠየቅሁህ። በምን ይውጡታል ብትለኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቀለድክብኝ።"

"ስንት ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር!"

"እነሱን ለማሳቅ ጊዜ ነበረህ።"

ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልተንበረከክሁለትም። ሣሩን ከእጄ ተቀበለና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፤ ይሄው ነው እርቃችን። በማግሥቱ ግን ካርቶኖቹን ፈትቶ መደርደሪያው ላይ መለሰ። አሁን ክኒን ለሚወስድ ሁሉ "በምንድን ነው የሚውጡት?" እያለ ይጠይቃል አሉ። ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ይፍራ።

ፈናን አፏ ተመለሰ፤ ግራ እጇ ግን ዛሬም አይታዘዛትም። በየሳምንቱ ትመጣለች። ትሰድበኛለች፣ ቡናዬን ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። አንድም ቀን ስድቧን አላሳጠርኩባትም።

ያልመለስኩት ግን አለ። ሦስት ቀን የተናገርኩት ከባጃጅ ማቆሚያው ብዙም አላለፈም። ክሴ ግን እግር ነበረው። ባለፈው ወር ከአርቦዬ ለለቅሶ የመጣች ሴት፣ "ያ የአሰላው ዱቄት ሻጭ ዛሬም አለ?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ነገርኳት፤ ግን እሷ አንድ ሰው ናት። የእኔ ጉልበት አርቦዬ አያደርሰኝም፣ ሲሬም አያደርሰኝም። እናንተ ግን ለትምህርት ትሄዳላችሁ፣ ለሥራ ትሄዳላችሁ፣ ትዳራላችሁ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የትም ብትደርሱ ያን ወሬ የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። "ሰውየው ዛኪር ይባላል፤ መድኃኒቱ ደህና ነበር፤ ያጠፋችው ዋጋዬ ናት፤ ራሷ ነግራናለች" በሉልኝ። የቀረውን ብትረሱት አልቀየማችሁም። ይህችን ብቻ፣ አደራችሁን፣ አስታውሱልኝ።